የረቡዕ የውሃ ተራ

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ከኪዳን ወጥተው ነጭ ሽንኩርታቸውን ሊያዩ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ፣ አስማማውን በጥቅል ጎመኑ መካከል በደረቱ ተኝቶ አገኙት። አረም የሚነቅል መስሏቸው «እንደምን አደርህ» አሉት። መልስ ሲያጡ ቀረቡ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰርጉዷል። በዙሪያው ያለው መሬት የጉማሬ ዱካ ሞልቶበት ነበር።

ቀኑ ሐሙስ፣ ወሩ የካቲት፣ ዓመቱ 1977 ነው። ባለፈው ዓመት ቀበሌው የጣናን ዳርቻ ሸንሽኖ ለየቤተሰቡ ቁራሽ ቁራሽ መሬት አድሎ ነበር። ገበያው በተራቆተበት በዚያ በጋ፣ እህል ያጣ ቤት እንኳ ከቁራሿ መሬት ጎመንና ድንች አያጣም። ውሃው ከሐይቁ በሞተር ተስቦ በአንድ ቦይ ይመጣል፤ ባለማሳው ሁሉ ቀንና ሰዓት ተቆርጦለት በተራው ያጠጣል። በቦዩ መጨረሻ፣ ደንገሉ ከሚጀምርበት ቦታ፣ አራት ማሳዎች ጎን ለጎን አሉ፤ የአስማማው፣ የአቶ ክንዱ፣ የወይዘሮ የሺመቤትና የመሪጌታ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ደሞዝ ደርሶ ዱካውን አየና ነገሩን ባጭሩ ቆረጠው።

«ጉማሬ ነው። ቃሬዛ አምጡና ይነሣ።»

የሟቹ ሚስት ሸጊቱ ግን ከሬሳው ራስጌ ቁጭ ብላ አልነሣም አለች።

«ባሌ ከጉማሬ ጋር ሁለት በጋ ኖሯል። እዚህ እያደረ ቆርቆሮ ሲደበድብላት ትሸሻለች። ትናንት ማታ ሳይመለስ ሲቀር ያልፈለግሁትም ያደረ መስሎኝ ነው። ጉማሬ አልገደለውም። ፖሊስ ሳያየው ማንም አይነካውም!»

የመቶ አለቃ አካሉ የተጠራው በዚህ ምክንያት ነው። አካሉ የዘንዘልማ ገበሬ ልጅ ነው። ፖሊስ ከሆነ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም፣ መሬት ሲያይ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው እርጥበቱ ላይ ነው። ሲደርስ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ጠቀለለ። ሬሳውን ከመንካቱ በፊት በማሳው ዳር ዳር ሁለት ጊዜ ዞረ።

ጓድ ደሞዝ ትዕግሥቱ አለቀ። «ምን ይፈለጋል? ዱካው ይኸው!»

«አየሁት» አለ አካሉ። ከአንዱ ዱካ አጠገብ ተንበርክኮ ጣቱን ሰደደ። ከጉድጓዱ ግርጌ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ደለል ወጣ። ጉማሬዋ ግጣ የተወችውን የጎመን ጉቶ አገላበጠ፤ የተነከሰው ቦታ ጠቁሮ ደርቋል። ከዚያ ወደ ሬሳው ሄደ። አስማማው የተኛው ውሃውን ከቦዩ ወደ መደቦቹ በሚወስደው ጠባብ ፈሰስ ላይ ተጋድሞ ነው። ከቦዩ በኩል ባለው ጎኑ ደለል እስከ ብብቱ ተከምሯል፤ በሌላው ጎኑ ያለው የፈሰሱ ወለል ግን ደርቋል። ከፈሰሱ ቀጥሎ ያለው የካሮት መደብ ውሃ ተኝቶበት አድሮ ቡቃያው ሁሉ ጭቃ ውስጥ ተጋድሟል።

«ይህን ካሮት መቼ ዘራው?» ብሎ ሸጊቱን ጠየቃት።

«ሦስት ሳምንቱ ነው። እንደ ሕፃን ነበር የሚያጠጣው፤ በጣሳ።»

አካሉ ሬሳው ወደ ሆስፒታል እንዲወሰድ ፈቀደ። ሐኪሙ እኩለ ቀን ላይ የላከው ቃል አጭር ነበር፤ ከኋላ በኩል አንድ ምት፣ በደነዘ ብረት። ሌላ ቦታ ጭረት እንኳ የለበትም።

በዚህ መካከል አካሉ የአስማማውን ማሳ መረመረ። በደንገሉ በኩል፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ የሸንኮራ አገዳ ቁጥቋጦ አለ። ወደ ውስጥ ሲገባ አንድ ሰው የሚተኛበት ያህል መሬት ተደልድሎ ደረቅ ደንገል ተነጥፎበት አገኘ። ከደንገሉ ሥር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ነበር። ከውስጥ «ሣህሉ» የሚል ስም ተጽፎበታል።

የሰፈሩን ሰው ስለ ስሙ ጠይቆ መጽሐፉን ይዞ ወደ ሸጊቱ ተመለሰ። ሴትዮዋ ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«ሣህሉ የየሺመቤት ልጅ ነው አይደል?»

«ነው።»

«ለውትድርና የተወሰደው?»

«በታኅሣሥ። ከዚህ አገዳ ውስጥ አውጥተው ወሰዱት።» ዙሪያዋን ቃኝታ፣ «ይህን ብነግርዎ ይጽፉታል?» አለች።

«አላውቅም» አለ አካሉ።

ምናልባት ቃል ባለመግባቱ ሊሆን ይችላል፣ አመነችው።

«እኛ ነን የደበቅነው። ልጅ የለንም። ሣህሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስማማውን እየተከተለ ነው ያደገ። የምልመላው ስም ሲወጣ ሮጦ የመጣ ወደ እሱ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ምሳውን ከጎመን ቅርጫት ሥር አድርጌ አመላልሻለሁ።»

«እናቱ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ቤቷን ቀን ከሌት ይጠብቁት ነበር፤ ብታውቅ ትመጣለች፣ ከመጣች ይከተሏታል። እሷ አንበሳሜ ከአጎቱ ዘንድ የሄደ ይመስላት ነበር። በኋላ ልጁ ከባሌ ማሳ ሲያዝ፣ ባሌ ‹መግባቱንም አላየሁ› ብሎ ማለና ተለቀቀ። ሳይታሰር ሲቀር ሰው ሁሉ ‹የጠቆመ እሱ ነው› አለ። እሷም አመነች።»

«እሱስ ለምን አልነገራት?»

«ምን ብሎ? አፉን ቢከፍት እኔም እሱም እስር ቤት ነን። ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታዋን ነፍጋው ኖረች።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ሰኞ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለስ እራት አልበላም። ‹ማን እንደ ጠቆመ አወቅሁ› አለኝ። ማን ነው ብዬ ብጠይቀው አልነግርሽም አለ። ረቡዕ ሲወጣ ‹መጀመሪያ ሰውየው ራሱ እንዲነግራት እለምነዋለሁ፤ እምቢ ካለ እኔ እነግራታለሁ› ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

አካሉ መጽሐፉን ከኮቱ ሥር አስገባና መሪጌታን ጠራቸው። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ።

«ትናንት እዚህ ነበሩ፣ መሪጌታ?»

«ነበርሁ። ሽንኩርት ነቅዬ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሄድሁ። የሺመቤትም ጎመን ቀጥፋ አብረን ወጣን። ጆንያው ከብዶኝ እስከ ቤቴ ተሸከመችልኝ። እግዜር ይስጣት፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እኔ ቤት ሆና ሽንኩርቱን ከባለቤቴ ጋር ስትጎነጉን ነበር።»

«ስትሄዱ አስማማው ምን እያደረገ ነበር?»

«ጎመኑን ያጠጣል። የእሱ ተራ ከስምንት እስከ አሥር፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት የአቶ ክንዱ ነው። የእኔና የየሺመቤት ዛሬ ነበር።» ወደ ሐይቁ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አነጋገርሁት። ‹መሪጌታ፣ ይቅርታ ያልጠየቀን ሰው ይቅር ማለት ይቻላል?› አለኝ። ስለ እሷ የጠየቀኝ መስሎኝ ታገሥ አልሁት።»

የሺመቤት የአርባ ዓመት ሴት ናት። ባሏ ሞቶባት በልብስ ስፌት ነው የምትኖር። አካሉ ሲጠይቃት ቆማ፣ ዓይኑን ዓይኑን እያየች መለሰች።

«ገደልሽው ወይ ቢሉኝ አልገደልሁትም። ደስ አለሽ ወይ ቢሉኝ ግን አልዋሽም።»

«ረግመሽው ነበር ይባላል።»

«በጥር ሚካኤል፣ በሰው ፊት። ‹ዘር እንደ ነፈገህ ቀብርም ይንፈግህ› አልሁት። አንገቱን ደፍቶ አለፈኝ። ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ይመልስልኝ ነበር።»

«ከልጅሽ ደብዳቤ መጥቷል?»

«አንድ። ከማሠልጠኛው። ከዚያ ወዲያ የለም።»

አካሉ መጽሐፉ ኮቱ ሥር እንዳለ ያውቃል። ሊያወጣው እጁን ሰደደ፤ ጊዜው ገና መሆኑን አስቦ ተወው።

አቶ ክንዱ ከሚሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ተቀብሎ በስምንት ሰዓት መጣ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከናዝሬት ተቀይሮ ከመጣ ስድስት ዓመቱ። ንግግሩ የታረመ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነው።

«ትናንት ከሥራ ወጥቼ አሥር ሰዓት ላይ ደረስኩ» አለ። «ውሃውን ከሱ ተቀብዬ እስከ አሥራ ሁለት ማሳዬን አጠጣሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ‹ደህና እደር› ብዬው ሄድኩ። እሱ ለአዳሩ ቆርቆሮውን ያስተካክል ነበር።»

«ሌላ ሰው አላዩም?»

ክንዱ ያመነታ መሰለ። «ሰው መክሰስ አልፈልግም። ግን አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ወይዘሮ የሺመቤት ከቦዩ ማዶ ቆማ ስታየው ነበር። ቂም እንዳላት ያው አገር ያወቀው ነው። ጉማሬ ካልሆነ እሷን ቢጠይቋት ይሻላል።»

«ጉማሬ አይደለም ብሎ ማን ነገረዎት?»

«እንዲሁ... ስትጠያይቁ አይቼ።»

አካሉ ወደ ክንዱ ማሳ ተሻገረ። ከአስማማው ማሳ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ከዚያ ላይ ሲታይ የአገዳው ቁጥቋጦ ውስጡ ሳይቀር ይታያል። ቲማቲሙ በእንጨት ተደግፎ በመሥመር ቆሟል። በታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ጭቃ ተረጭቶ ደርቋል።

«ቲማቲምዎ አምሯል።»

«ትናንት ስለጠጣ ነው።»

አካሉ ጣቱን ወደ አፈሩ ሰደደ። ጥፍሩ እስኪሸፈን ረጠበ፤ ከዚያ በታች አፈሩ ደረቅና ጠጣር ነበር። ጣቱን ጠረገና ተነሣ።

«ልጅ አለዎት፣ አቶ ክንዱ?»

«አንድ ወንድ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው።»

«ከሣህሉ ጋር ነበራ የሚማረው። ለምልመላ ደርሷል?»

«ተራው ገና ነው» አለ ክንዱ። በየካቲት ፀሐይ ሁሉም ሰው ያልበዋል፤ የክንዱ ግንባር ግን እስከዚያች ጥያቄ ድረስ ደረቅ ነበር።

አካሉ ከዚያ ተነሥቶ ሞተረኛውን አነጋገረ። ሰውየው ከደንገሉ ማዶ ስለሆነ ማሳዎቹን አያይም፤ ግን ረቡዕ ሞተሩ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠፋ መሥራቱን፣ በአሥራ ሁለት ራሱ አጥፍቶ መሄዱን ማለ። ቀጥሎ አካሉ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄዶ የሰኞውን ቃለ ጉባኤ ጠየቀ። ጓድ ደሞዝ ሊከለክለው ፈልጎ ነበር፤ የፖሊስ ደብዳቤ ሲያሳየው ሰጠው። አካሉ አንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ አነበበና መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወጣ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉንም ከአስማማው ማሳ ዳር፣ ከሾላው ጥላ ሥር ሰበሰባቸው። ሸጊቱ መሬት ላይ ተቀምጣለች። መሪጌታ ድንጋይ ላይ አረፉ። የሺመቤት ራቅ ብላ ክንዷን አጣምራ ቆመች። ክንዱ ከጓድ ደሞዝ ጎን ነበር። ሁለት ፖሊሶች ከቦዩ አጠገብ ቆመዋል።

«ከጉማሬዋ ልጀምር» አለ አካሉ። «ጉማሬ እዚህ መጥታለች፤ ጎመንም በልታለች። ግን የመጣችው ማክሰኞ ሌሊት ነው። የነከሰችው ጉቶ ጠቁሮ ደርቋል፤ ትኩስ ንክሻ እንዲያ አይሆንም። በዱካዎቹ ውስጥ ደግሞ ደለል ተኝቷል። ይህ ማለት ጉማሬዋ ከሄደች በኋላ ማሳው ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አስማማው ሲያጠጣ ዱካው እዚያው ነበር።»

«ረቡዕ ሌሊት ተመልሳ ብትመጣስ?» አለ ጓድ ደሞዝ።

«በጭቃ ላይ ትረግጥ ነበር። በጭቃው ላይ የሰው እግር እንጂ የእሷ የለም። ደግሞም አስማማው ረቡዕ ሌሊትን አላየም።»

ሸጊቱ ቀና አለች።

«ሬሳው ፈሰሱን ዘግቶ ነበር የተኛው። ከቦዩ በኩል ባለው ጎኑ ደለል እስከ ብብቱ ተከምሯል፤ ከታች በኩል ፈሰሱ ደርቋል። ውሃው ሲመጣ ሬሳው ገድቦታል። መውጫ ሲያጣ በካሮቱ መደብ ላይ ተኛ። ስለዚህ አስማማው በወደቀ ጊዜ ውሃው ገና ይሄድ ነበር። ሞተሩ የጠፋው በአሥራ ሁለት ነው። አስማማው የሞተው ከዚያ በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። በዚያ ሰዓት ጉማሬ ከሐይቅ አትወጣም።»

አካሉ ቀጠለ።

«ለአስማማው የተቆረጠው ውሃ እስከ አሥር ሰዓት ነው። ካሮት በጣሳ የሚያጠጣ ሰው ቡቃያው ሲሰጥም ቆሞ አያይም፤ ስለዚህ ውሃው ሲበዛ በሕይወት አልነበረም። ግን በአሥር ሰዓት ባለ ተራው መጥቶ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ ቢመልሰው ኖሮ፣ ካሮቱ ባልሰጠመ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃውን የመለሰው ሰው የለም።»

ሁሉም ወደ ክንዱ ዞሩ።

«እኔ አጠጥቻለሁ!» አለ ክንዱ። «ማሳዬን ሂዱና እዩ፤ እርጥብ ነው!»

«አይቼዋለሁ። የጥፍር ያህል ረጥቦ ከሥሩ ደረቅ ነው። ሁለት ሰዓት በፈሰስ የጠጣ መሬት ክንድ ያህል ይርሳል። ደግሞ የቦይ ውሃ ከመሬት ተነሥቶ ቅጠል ላይ አይወጣም። የእርስዎ ቲማቲም ቅጠሉ ጭቃ የተረጨው ውሃው ከላይ ስለፈሰሰበት ነው፤ በባልዲ፣ በችኮላ። ዛሬ ማለዳ፣ መሪጌታ ከመምጣታቸው በፊት ይመስለኛል።»

ክንዱ ከንፈሩን ላሰ። «ሞተሩ ተበላሽቶ...»

«ሞተሩ አልቆመም። በአሥራ ሁለት ሰዓት ‹ደህና እደር› ያሉት ሰው በዚያ ሰዓት ውሃ ገድቦ ተኝቶ ነበር። በአሥራ አንድ ሰዓት ከቦዩ ማዶ አየኋት ያሏት ሴት ደግሞ በመሪጌታ ቤት ሽንኩርት ትጎነጉን ነበር።»

«እውነት ነው» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «እውነት ነው።»

የሺመቤት ክንዷን እንዳጣመረች ነበር። «አቶ ክንዱ ከአስማማው ጋር ምን ጠብ ነበረው?» አለች። «እሱን የምጠላ እኔ ነኝ።»

አካሉ መጽሐፉን አውጥቶ ሰጣት። ስሙን አነበበች። ጽሕፈቱን በጣቷ ነካችው።

«ከአገዳው ውስጥ ነው ያገኘሁት። ልጅሽ እዚያ ሁለት ወር ኖሯል። የደበቀው አስማማው ነው። ምሳውን ታመላልስ የነበረችው ሸጊቱ ናት።»

«ውሸት ነው» አለች የሺመቤት። ዓይኗን ግን ከጽሕፈቱ አላነሣችም።

«ሰኞ ዕለት የቀበሌው ኮሚቴ ተሰብስቦ ነበር፤ አስማማውም አባል ነው። እዚህ የተጻፈውን ላንብበው።» መዝገቡን ገለጠ። «‹የጓድ ክንዱ ልጅ፣ አባቱ የተሰወረ ምልምል የነበረበትን ቦታ ጠቁሞ ላደረገው ትብብር፣ ለዚህ ዙር እንዲታለፍ ተወስኗል።› አስማማው ማን እንደ ጠቆመ ያወቀ በዚህ ነው። ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ክንዱን ‹ሄደህ ራስህ ንገራት› ሳይለው አልቀረም፤ እንደሚለው ለሚስቱ ነግሯት ነበር።»

ጓድ ደሞዝ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

ክንዱ ሊክድ አፉን ከፈተ። ከዚያ ቦዩ ዳር ቁጭ አለ።

«ለመንኩት» አለ። «እግሩ ላይ ወደቅኩ። ልጄ በዚህ ከተማ እንዴት ቀና ብሎ ይሄዳል አልኩት። ‹እስከ ነገ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ› አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ውሃውን ሊያስተካክል ጎንበስ አለ። ዶማው በእጄ ነበር።» ራሱን ያዘ። «አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለኝ።»

«እኔስ?» አለች የሺመቤት።

ክንዱ በእጁ ወደ ደንገሉ ጠቆመ። ዶማውን ፖሊሶቹ እሱ ባሳያቸው ቦታ ከደንገሉ ሥር ጎትተው አወጡት።

አካሉ ቃሉን ሊጽፍ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። በዚህ ጊዜ ጓድ ደሞዝ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«መቶ አለቃ፣ በውሃ ተራ ተጣልተው ነው ብለህ ጻፈው። የምልመላውን ነገር ካነሣህ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ለአንተም አይበጅህም።»

ክንዱ ሰምቷል። ቀና ብሎ አካሉን አየው፤ በእንባው መካከል የሆነ ስሌት በፊቱ ላይ አለፈ።

«ምክንያቱን ከጻፉ ሸጊቱም አብራኝ ትገባለች» አለ። «የተሰወረ ሰው መደበቅ ወንጀል ነው። እኔ ያደረግኩት ግን ሕግ ያዘዘውን ነው።»

አካሉ እስክሪብቶውን አቆመ። ሰውየው የተናገረው እውነት ነበር። የውሃ ጠብ ተብሎ ከተጻፈ ክንዱ በድንገተኛ ቁጣ ጥቂት ዓመት ታስሮ ይወጣል። እውነቱ ከተጻፈ ባሏን ዛሬ የምትቀብረው ሴት ነገ ትታሰራለች፤ ማሳዋም ይወሰዳል። ሃያ ዓመት የሰዎችን ቃል ሲጽፍ፣ የሚጽፈውን ሳያውቅ የቀረ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሸጊቱ ከመሬት ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች።

«ይጻፉት» አለች።

«ምን እንደሚከተል ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ባሌ በውሃ ተራ ተጣልቶ ሞተ እንዲባል አልፈልግም። ሰው ደብቆ ነው የሞተው። እንደሆነው አድርገው ይጻፉት።»

አካሉ ጻፈው፤ የቃለ ጉባኤውንም ቁጥር ከሥሩ አሰፈረ። ሸጊቱ ፊርማ ስለማታውቅ አውራ ጣቷን ቀለም ቀብታ አተመች። የሺመቤት መጽሐፉን በደረቷ እንደያዘች አጠገቧ መጥታ ቆመች። ልትነካት እጇን አነሣች፤ ግን ደፍራ አላሳረፈችውም። ያን ማታ ቀብሩ ላይ ከሁሉ ኋላ ሆና ተከተለች፤ ከሁሉ በኋላም ከመቃብሩ ተነሣች።

ክንዱ አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ሸጊቱ አራት ወር ታሰረች፤ ማሳውም ለሌላ ሰው ተሰጠ። አካሉ ወሩ ሳይሞላ ወደ አንበሳሜ ተቀየረ፤ ለምን ብሎ የጠየቀም የነገረውም የለም። ጓድ ደሞዝ ሊቀ መንበርነቱ ላይ ቆየ። በሚቀጥለው ዙር ምልመላ ሲመጣ የክንዱን ልጅ ስም ከዝርዝሩ አናት ላይ የጻፈው እሱ ነው። ሣህሉም ከሄደበት አልተመለሰም፤ ሞቱም አልተነገረም።

ሸጊቱ በታሰረችባቸው ወራት የሺመቤት ቀን በቀን ምሳ ታመላልስላት ነበር። መጀመሪያ ላይ ሳህኑን ለዘበኛው ሰጥታ አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። በሦስተኛው ሳምንት ዘበኛው አሳዝናው ይሁን ሰልችቶት፣ ገብታ እንድትቀመጥ ፈቀደላት። ሁለቱ ሴቶች በግንቡ ጥላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሸጊቱ በላች። የሺመቤት መሬት መሬቱን እያየች፣

«ልጄ ስለ እኔ ያነሣ ነበር?» አለች።

«የማያነሣበት ቀን አልነበረም።» ሸጊቱ ጉርሻዋን ዋጠች። «የአባቱን ካፖርት ሳትሰሚ ይዞብሽ ወጥቶ ኖሯል። ‹ሌባ ወሰደው ብላ ሰው ትጠረጥራለች› እያለ ይሥቅ ነበር። ብርድ አልነካውም። ሲወስዱትም ለብሶት ነው የሄደ።»

የሺመቤት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሸዋዬን ጠርጥሬ ነበር፤ የግድግዳ ጎረቤቴን» አለች በመጨረሻ። «በልጆቿ ፊት ሌባ አልኋት። እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም።»

ሸጊቱ ባዶውን ሳህን አጣጥፋ በያዘችው ጨርቅ ጠቀለለችና መለሰችላት።

«ዛሬውኑ ሂጂና አነጋግሪያት» አለቻት።